ደንበኛው በነጻ ይሠራው የነበረውን ሥራ ማን ይክፈለው? ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችና የኦንላይን አስቤዛ

#1 ሚዛን

ይሄ ክርክር ሁሌ «ኦንላይን ሱፐርማርኬትን ይገድለዋል ወይስ አይገድለውም» ተብሎ ይከፈትና እዚያው ላይ ይንገታገታል። ጥያቄው ከመነሻው የተሳተ ይመስለኛል። ሰው ሱፐርማርኬት ሲገባ ሦስት ሥራ በነጻ ይሠራል። ዕቃውን ከመደርደሪያ ይለቅማል፣ ከረጢቱን ይሞላል፣ ቤቱ ድረስ ያጓጉዛል። በስልኩ ሲያዝ ግን ሦስቱም ሥራ ቸርቻሪው ላይ ይወድቃል። ውድድሩ እነዚህን ሥራዎች ማን ባነሰ ደቂቃ ይሠራቸዋል የሚል ነው፤ አፑ ያማረ መሆኑ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው።

በደቂቃ ላስላው፣ ገንዘቡን እያንዳንዱ በየአገሩ ይተካ። 50 ዕቃ ያለው የሳምንት አስቤዛ ውሰዱ። ለቃሚው በሰዓት 80 ዕቃ ከለቀመ 37 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። መኪናው በሰዓት 3 ቤት ካደረሰ ለአንዱ ቤት 20 ደቂቃ ነው። ድምሩ 57 ተኩል፤ ጭነትና ማሸግ ገና አልገቡም። ከዚህ ላይ የሚቀነሰው ካሸሯ ታጠፋው የነበረው 3 ወይም 4 ደቂቃ ብቻ ነው። የአስቤዛ ንግድ ደግሞ የተጣራ ትርፉ አብዛኛውን ጊዜ ከሽያጩ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው። ከ100 ሽያጭ 2 የሚቀረው ሱቅ የአንድ ሰው የአንድ ሰዓት ደመወዝና የመኪና ወጪ ከየት ያመጣል?

እስካሁን የተሞከሩት መንገዶች በጥቅሉ ሦስት ናቸው። አንዱ ካለው ሱቅ መደርደሪያ መልቀም ነው፣ ሁለተኛው ከከተማ ወጣ ብሎ በማሽን የሚሠራ ግዙፍ መጋዘን፣ ሦስተኛው ሰፈር ውስጥ ገዢ የማይገባበት ትንሽ መጋዘን፣ ዳርክ ስቶር የሚሉት። የምታውቁትን በቁጥር አምጡ። «ወደፊት ሁሉም ኦንላይን ይሆናል» ዓይነት አስተያየት ባይመጣ ደስ ይለኛል።

#2 የጋሪ ጎማ

80 ጥሩ መነሻ ነው። ዝብርቅርቁ የወጣ ሱቅ 60 ላይ ይንፏቀቃል፣ የተደራጀው 100ን ያልፋል። ልዩነቱ ግን የለቃሚው እግር አይደለም፤ አለቆች ሁልጊዜ ሠራተኛውን «ፍጠን» የሚሉት ሰዓቱ የት እንደሚሄድ ስላልለኩ ነው። ሰዓቱን ከምንም በላይ የሚበላው በመደርደሪያና በመደርደሪያ መካከል ያለው ጉዞ ነው። ቀጥሎ ዕቃውን መፈለግ ይመጣል፣ ከዚያ የሌለ ዕቃ ፊት ቆሞ ምን ላድርግ ማለት። ስካን አድርጎ ሳጥን ውስጥ መክተት ጥቂት ሰከንድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት አንድ ለቃሚ አንድ ትዕዛዝ ይዞ ሱቁን እንዲዞር ማድረግ ነው። ጋሪው ላይ 6 ወይም 8 ሳጥን ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ ሳጥን የአንድ ደንበኛ። ለቃሚው ወተቱ ጋ አንዴ ቆሞ የስምንቱንም ያነሳል። ደረቁ፣ ቀዝቃዛውና በረዶው ለየብቻ ይዞራል፤ የአንድ ደንበኛ ትዕዛዝ ሦስት ለቃሚ ነክቶት መጨረሻ ላይ ይገናኛል።

ይሄ አሠራር የራሱ በሽታ አለው፤ ዕቃ የተሳሳተ ሳጥን ውስጥ መግባት። አንዲት ስህተት ሁለት ቅሬታ ትወልዳለች፤ አንዱ ደንበኛ ጎደለብኝ ይላል፣ ሌላው ያላዘዝኩት መጣልኝ ይላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዕቃውን ስካን፣ ከዚያ የሳጥኑን ባርኮድ ስካን፣ ሁለቱ ካልገጠሙ መሣሪያው ይጮሃል። ሁለት ሰከንድ ይጨምራል። ፍጥነት ለማሳየት ሲባል ሁለተኛውን ስካን የሚያስቀር ሱቅ በሰዓት 5 ዕቃ ያተርፍና በስልክ መቀበያ ክፍሉ ላይ ይከፍለዋል።

ሌላው የቦታ መረጃ ነው። ሲስተሙ ዕቃው ያለበትን መተላለፊያ፣ የመደርደሪያ ቁጥር እና እርከን (ከታች ስንተኛው እንደሆነ) ማወቅ አለበት። የሱቁ ሰዎች ቅናሽ የወጣበትን ብስኩት ወደ መደርደሪያው ጫፍ ያዛውሩትና ለማንም አይናገሩም። በ80 ሒሳብ አንድ ዕቃ 45 ሰከንድ ነው ድርሻው። ያን ብስኩት ሲፈልግ ሁለት ደቂቃ ካጠፋ የሦስት ዕቃ ጊዜ ሄደ ማለት ነው፣ በቀን መቶ ጊዜ።

#3 ቆጣሪ

የጋሪ ጎማ «የሌለ ዕቃ ፊት መቆም» ብሎ በጎን አለፈው። እኔ ዋናው እሱ ነው እላለሁ፤ ከሱቅ የሚለቅሙትን አንገት የሚያስደፋ እሱ ነውና።

አንድ ሱፐርማርኬት ዕቃው 97 በመቶ ጊዜ መደርደሪያ ላይ ይገኛል እንበል። በእግሩ ለሚመጣ ሰው ይሄ ደህና ቁጥር ነው፤ የጎደለውን ሳያየው በሌላ ይተካዋል። 50 ዕቃ ላዘዘ ሰው ግን ሁሉም ተሟልቶ የመምጣቱ ዕድል 0.97 ሃምሳ ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው። 22 በመቶ ገደማ። ማለትም ከአምስት ትዕዛዝ አራቱ የሆነ ነገር ጎድሎበት ወይም ተተክቶበት ይሄዳል። በ95 በመቶ ከሠራችሁት ወደ 8 በመቶ ይወርዳል፤ በ99 በመቶ 60 ይሆናል። ከ97 ወደ 99 የሚወስደው ሁለት ነጥብ ከማንኛውም አዲስ አፕ የበለጠ ደንበኛ ያቆያል።

የተዘጋ መጋዘን ከሱቅ የሚበልጥበት አንዱ ትክክለኛ ምክንያትም ይሄ ነው። እዚያ ውስጥ ዕቃ የሚነካው ሠራተኛው ወይም ማሽኑ ብቻ ስለሆነ ቆጠራው ከእውነታው ጋር ይገጥማል።

#4 ግራ ቀኝ

አንድ ነገር ግልጽ አድርጉልኝ። ሲስተሙ 4 አለ ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። በካሸር በኩል ያልወጣ ዕቃ የት ይገባል? ስርቆት ብቻ ነው?

#5 ቆጣሪ

@ግራ ቀኝ ስርቆት አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹን ልንገርህ።

ካሸሯ ፊት የእንጆሪ እርጎና የቫኒላ እርጎ ይመጣል፣ ዋጋቸው አንድ ነው። ለፍጥነት የእንጆሪውን ስካን ታደርግና «ሁለት» ትላለች። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ ክምችቱ ግን ተበላሸ። እንጆሪው ከእውነታው በ1 አንሶ፣ ቫኒላው በ1 በልጦ ተመዘገበ። ይሄ በሳምንት ሃምሳ ጊዜ ሲደጋገም ሲስተሙ የሌለ ቫኒላ ይሸጣል። የሌላኛው ጣጣ ደግሞ እንጆሪው አለቀ ብሎ አስቀድሞ ማዘዙ ነው።

ሌላው የተሰበረና ቀኑ ያለፈ ዕቃ ሳይመዘገብ መጣሉ ነው። ዕቃው ኋላ መጋዘን ካርቶን ውስጥ ሆኖ ወደ መደርደሪያ አለመውጣቱም አለ። ከሁሉም የምትገርመው ግን ሱቅ ውስጥ የሚዞር ገዢ ጋሪ ውስጥ ያለች ዕቃ ናት። እስኪከፍል ድረስ ለሲስተሙ መደርደሪያ ላይ ናት፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ የሌለች «አለች» ትሆናለች።

የሚሠሩ መላዎች አሉ። የመጀመሪያው መጠባበቂያ ማስቀመጥ ነው። ክምችቱ 3 ወይም ከዚያ በታች ሲደርስ ዕቃው ከኦንላይን ይሰወራል፣ ሱቁ ውስጥ ግን ይሸጣል። ቁጥሩ ለሁሉም አንድ አይሁን፤ ቶሎ ለሚያልቀው ከፍ፣ ለዝግተኛው ዝቅ። ሁለተኛው «ዝምታን ማዳመጥ» የምለው ነው። በሰዓት 5 የሚሸጥ ዕቃ ሱቁ ሞልቶ ሳለ 3 ሰዓት ምንም ካልተሸጠ ክምችቱ ምንም ይበል መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ሲስተሙ ሄዳችሁ እዩ የሚል ትእዛዝ ያውጣ። ሦስተኛው ለቃሚውን ቆጣሪ ማድረግ ነው። «የለም» ብሎ በጫነ ቁጥር ዕቃው እስኪረጋገጥ ድረስ ከአፑ ይውረድ። ብዙ ቦታ ይህች ትንሽ ገመድ ተበጥሳ ነው ያንኑ የሌለ ዕቃ ለአሥር ሰው ሲሸጡ የሚውሉት።

#6 የጋሪ ጎማ

ምትክ ላይ ልጨምር፤ ደንበኛ ለዘለዓለም የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ ያው ምርት በሌላ መጠን፣ ከዚያ ያው ዓይነት በሌላ ብራንድ፣ ከዚያ ምንም። ምትኩ ውድ ከሆነ ልዩነቱን ሱቁ ይሸከማል። የሕፃናት ዱቄት ወተት እና የአለርጂ ጉዳይ ያለበት ምግብ ደንበኛው ራሱ ሳያጸድቅ በፍጹም አይተካም።

በጥሩ ፍላጎት የሚሠራ ስህተትም አለ። ለቃሚ በሰዓት ቁጥር ብቻ ከተለካ እጁ የገባውን ይወረውራል፤ «ተክቻለሁ» ማለት «የለም» ከማለት የተሻለ ነጥብ ካስገኘለት የሎሚ ሳሙናን በሎሚ ጭማቂ ይተካልሃል። ስለዚህ መለኪያው ስንት ተተካ ሳይሆን ከተተካው ስንቱ በደንበኛው ተቀባይነት አገኘ መሆን አለበት።

#7 ሁለተኛ ማርሽ

ስለ መልቀም ብዙ ተባለ፣ መንገዱን ግን ረሳችሁት። @ሚዛን በሰዓት 3 ቤት ያልከው ከየት እንደሚመጣ ልተንትነው።

አንድ መኪና የ4 ሰዓት ዙር ወጣ እንበል፣ 240 ደቂቃ። ከመጋዘን እስከ መጀመሪያው ሰፈር 25 ደቂቃ፣ መመለሻው 25። የቀረው 190። ደንበኛው ደጅ ማቆም፣ ሳጥን ማውረድ፣ ደወል፣ ደረጃ፣ ርክክብ 5 ደቂቃ። ከቤት ወደ ቤት 6 ደቂቃ ከሆነ ለአንድ ቤት 11 ደቂቃ ሆኖ 17 ቤት ያደርሳል። በሰዓት 4 ከሩብ ማለት ነው። ደንበኞቹ ተራርቀው ከቤት ወደ ቤት 12 ደቂቃ ቢሆን ግን 11 ቤት ብቻ፣ በሰዓት 3 እንኳ አይሞላም። ሾፌሩ ያው፣ ነዳጁ ብሷል፣ ገቢው አንድ ሦስተኛ ቀንሷል። የደንበኞች መቀራረብ ነው ሙሉ ጨዋታው።

መቀራረቡን የሚያበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሱቁ ራሱ ነው። የመረከቢያ ሰዓት ምርጫ ሰፊ ይከፍታል፣ ሁሉም ሰው ከቀኑ 11 እስከ ምሽቱ 2 ይፈልጋል፣ መኪናው ከተማውን ከዳር ዳር ይሰነጥቃል። የሚሠራው ዘዴ የሰዓቱን ዋጋ ማለያየት ነው። በዚያ መንገድ መኪና አስቀድሞ የሚያልፍ ከሆነ ለጎረቤቱ ያ ሰዓት ርካሽ ወይም ነጻ ሆኖ ይታየው። ኔዘርላንድስ ውስጥ በ2015 ሥራ የጀመረው ፒክኒክ ከዚህም አልፎ ሄዷል። ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች በተወሰነ መስመር እንደ አውቶቡስ ይመላለሳሉ፣ ደንበኛው መኪናው በሰፈሩ በሚያልፍበት ሰዓት ይቀበላል። የምርጫ ነጻነቱን ሰጥቶ ነጻ ማድረሻ ይገዛል።

ከዚህም የሚርቀው የፈረንሳዮቹ «ድራይቭ» ነው። እነ ኦሻንና ለክለርክ የተባሉት ሱፐርማርኬቶች ደንበኛው ያዘዘውን መኪናው ድረስ አምጥተው ይጭኑለታል፣ ማጓጓዙን እሱ ይቀጥላል። ከ57 ደቂቃው 20ው በአንድ ጊዜ ተነሳ።

#8 ሰነድ ፈላጊ

ይሄ ሁሉ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ተፈትኗል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የአሜሪካውን የኦንላይን አስቤዛ ኩባንያ ዌብቫንን ሉዊስ ቦርደርስ በ1996 መሠረተው፣ በ1999 ከኦክላንድ መጋዘን ተነስቶ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ማድረስ ጀመረ። በዚያው ዓመት፣ የመጀመሪያው መጋዘን ገና እግሩን ሳይተክል፣ 26 መጋዘን እንዲሠራለት ከግንባታ ኩባንያው ከቤክቴል ጋር የ1 ቢሊዮን ዶላር ውል ገባ። የደንበኛው ቁጥር ግን ለእነዚያ መጋዘኖች ቀርቶ ለመጀመሪያውም አልበቃም። መጋዘን ባዶም ሆኖ ኪራይ፣ መብራትና ወለድ ይበላል። ጁላይ 2001 በሩን ዘጋ።

በዚያው ጊዜ የእንግሊዙ ቴስኮ ካሉት ሱቆች ጋሪ እየገፋ ይለቅም ነበር። ብዙዎች የኋላ ቀር አሠራር ነው ብለው ሳቁበት። ዌብቫን ሊዘጋ አንድ ወር ሲቀረው፣ ጁን 2001፣ የአሜሪካው ሴፍዌይ ከቴስኮ ጋር ተስማምቶ ግሮሰሪወርክስ የተባለውን የኦንላይን ክንፉን ከመጋዘን አውጥቶ ወደ ሱቅ መልቀም መለሰው።

ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ሱቅ ላይ 20 ትዕዛዝ ቢመጣ የ20 ትዕዛዝ ደመወዝ ትከፍላለህ፣ ለ8,000 ትዕዛዝ የተሠራ መጋዘን ላይ 20 ቢመጣ የ8,000 ወጪ ትከፍላለህ።

#9 ግራ ቀኝ

@ሰነድ ፈላጊ ታሪኩ ልክ ነው፣ መደምደሚያው ግን ተቻኮለ። የእንግሊዙ የኦንላይን ሱፐርማርኬት ኦካዶስ? በ2000 ተመሥርቶ፣ በ2002 ማድረስ ጀምሮ፣ ሱቅ የሚባል ሳይኖረው እስከ ዛሬ አለ። እስከ 2020 የዌይትሮዝን፣ ከዚያ ወዲህ የማርክስ ኤንድ ስፔንሰርን ዕቃ ይሸጣል። ሮቦቶቹ ሳጥን በሞላበት ፍርግርግ ላይ በሰከንድ እስከ 4 ሜትር እየሮጡ ሳጥኑን ለቃሚው ፊት ያመጡለታል፤ ሰውየው አይራመድም። የጋሪ ጎማ ያለው ትልቁ ኪሳራ፣ ጉዞው፣ እዚያ የለም ማለት ነው። ቆጣሪ ያለው 97 በመቶም እንዲሁ። የሚበላሸውም ትንሽ ነው፤ ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ለእይታ ሲባል በመደርደሪያ አይከመርማ።

#10 ሰነድ ፈላጊ

ኦካዶ የጀመረው ለንደንና ዙሪያዋን ይዞ ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ የነገረን መቀራረብ እዚያ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀው። ያንኑ ማሽን ሌላ ቦታ ስትተክለው ምን እንደሚሆን ለማየት የአሜሪካውን ሱፐርማርኬት ክሮገርን ተመልከት። በ2018 እስከ 20 መጋዘን ለማቋቋም ተስማሙ፣ የመጀመሪያው በ2021 ኦሃዮ ውስጥ ሞንሮ ላይ ተከፈተ። ክሮገር በስሙ የሚጠራ ሱቅ በሌለባት ፍሎሪዳ እንኳ መጋዘን ብቻውን ይዞ ገባ። ኖቬምበር 2025 ላይ በዊስኮንሲን፣ በሜሪላንድና በፍሎሪዳ ያሉትን ሦስቱን እዘጋለሁ ብሎ ወደ 2.6 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ መዘገበ። ከሱቆቹ መልቀሙንና በራሳቸው አፕ ትዕዛዝ ተቀብለው ከሱቅ ከሚያደርሱት ከኢንስታካርት፣ ከዶርዳሽና ከኡበር ኢትስ ጋር መሥራቱን ደግሞ አሰፋ።

ማሽኑ አልተበላሸም፤ በውስጡ የሚያልፈው ትዕዛዝ ነው ያነሰው። ሌላ አደጋም አለ። የኦካዶ አንዶቨር መጋዘን በ2019 ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ፤ በ2021 ኢሪዝ ላይ ሦስት ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነሳ። ከሱቅ የሚለቅም ቸርቻሪ አንድ ሱቅ ቢዘጋበት ትዕዛዙን ወደ ጎረቤት ሱቅ ያዞራል። ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር የከመረ ግን አካባቢው በሙሉ ይቆምበታል።

#11 ግራ ቀኝ

ፍሎሪዳውን አላውቅም ነበር፣ ተቀብያለሁ። እንግዲያው ልዩነታችን ማሽኑ ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው።

#12 ሁለተኛ ማርሽ

ሦስተኛው መንገድ፣ ዳርክ ስቶሩ፣ በአጭሩ። ዕቃው ከ1,500 እስከ 2,500 ዓይነት ነው፤ ሙሉ ሱፐርማርኬት 30,000 አካባቢ ይይዛል። ለቃሚው ትንሽ ክፍል ውስጥ ስለሆነ 10 ዕቃ በ3 ደቂቃ ይጨርሳል፣ እሱ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ብስክሌቱ ነው። 10 ደቂቃ መሄጃ፣ 10 ደቂቃ መመለሻ፣ አንድ ትዕዛዝ ብቻ ይዞ። ያው 20 ደቂቃ፣ ግን የ50 ዕቃ ሳይሆን የ10 ዕቃ ትርፍ ላይ። ያውም ብስክሌተኛው ለደቂቃ ሥራ ሳይፈታ ከዋለ ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ግማሾቹ በር ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁት። ሁለት ትዕዛዝ አንድ ላይ ላስይዘው ካልክ «ቶሎ አደርሳለሁ» ያልከው ቃል ይፈርሳል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፤ በ2020 በርሊን ውስጥ የተነሳው ጎሪላስ በ2022 መጨረሻ በጌቲር ተገዛ፣ ጌቲር ራሱ ኤፕሪል 2024 ከእንግሊዝ፣ ከጀርመን፣ ከኔዘርላንድስና ከአሜሪካ ወጥቶ ወደ ቱርክ ተሰበሰበ።

ፍጥነትን ከሱቅ ጋር ያጋባው የቻይናው ሄማ የተሻለ አስቦበታል። ከ2016 ጀምሮ ሱቁን ለገዢም ለኦንላይንም ይጠቀምበታል። እያንዳንዱ ለቃሚ የራሱን ክልል ብቻ ይለቅማል፣ ከረጢቱን ከራሱ በላይ በሚያልፈው ተንጠልጣይ ማጓጓዣ ላይ ይሰቅላል፣ ከረጢቶቹ ኋላ ላይ ይገናኛሉ። ማድረሻው 3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው።

#13 በረዶ ቤት

ቅዝቃዜን ማንም አላነሳም፣ የሚገርም ነው። ቀዝቃዛው ከ0 እስከ 5 ዲግሪ፣ በረዶው ከዜሮ በታች 18። ለመልቀም ቅደም ተከተሉ ደረቅ፣ ቀዝቃዛ፣ በረዶ ነው፤ የበረዶው መኪናው ሊጫን ሲል ብቻ ይወጣል። ጠዋት ተለቅሞ መተላለፊያ ላይ አርባ ደቂቃ የቆመ አይስክሬም መልሶ ቢረጋም ውስጡ አሸዋ አሸዋ የሚል በረዶ ይሠራል፤ ደንበኛው ሲቀምሰው ያውቀዋል።

የመኪና ማቀዝቀዣ የቀዘቀዘውን ለመጠበቅ እንጂ የሞቀውን ለማቀዝቀዝ የተሠራ አይደለም። ሞቃት ሳጥን ጭነህ «መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል» ማለት አይሠራም፣ አጠገቡ ያለውንም ያሞቀዋል። መኪናው ባዶውን ቀድሞ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይጫን።

ተቃራኒውም ስህተት ነው። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ከቆየ ልጣጩ ይጠቁራል፤ «ቶሎ የሚበላሽ ነገር ስለሆነ» ብሎ ከወተቱ ጋር ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ የሚከት ለቃሚ ደንበኛው ጋ የከሰለ ሙዝ ያደርሳል። ቲማቲምም ብርድ ጣዕሙን ይገድለዋል። እነሱ ከደረቁ ጋር፣ ከላይ፣ ከዳቦው ጎን ይሂዱ።

#14 ቆጣሪ

ሚዛን መጀመሪያ ላይ «ከየት ያመጣል» ብሎ ነበርና ከሌላ ኪስ ነው የሚመጣው። ከአፑ ላይ። ደንበኛው «ሳሙና» ብሎ ሲፈልግ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚወጣው አምራች ለቦታው ይከፍላል። ማስታወቂያ ዕቃ መግዛት፣ መልቀምና መንዳት ስለሌለበት የትርፍ ህዳጉ ከአስቤዛው ጋር አይወዳደርም። ከዚያ የአባልነት ክፍያ አለ፤ ዋልማርት በ2020 ዋልማርት ፕላስን የጀመረው ለዚህ ነው። ሜይ 2025 ባወጣው ሪፖርት የኢኮሜርስ ክፍሉ አተረፈ ያለው ሱቆቹ ለብዙው አሜሪካዊ ቅርብ ስለሆኑ የመንገዱ ደቂቃ አጥሮ፣ ላዩ ላይ ማስታወቂያና አባልነት ተጨምሮበት ነው። አማዞንም በ2017 ሆል ፉድስን በ13.7 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ከዕቃው በተጨማሪ ከደንበኛው ቤት አጠገብ ያሉ ማቀዝቀዣ ያላቸው ሱቆችን ለማግኘት ነው፤ ኦንላይኑ ግዙፍ ራሱ መደርደሪያ ፍለጋ መጣ።

ከዚህ ግን ወጥመድ ይወጣል። በሆል ፉድስ መሸጥ ደንግጠው ብዙ ሱፐርማርኬቶች ወደ ኢንስታካርት ሮጡ። ሥራው በፍጥነት ይጀመራል፣ መኪና መግዛት የለም። ፍለጋው፣ የደንበኛው ታሪክና የማስታወቂያው ገንዘብ ግን በአብዛኛው አፑ ባለቤት ጋ ይቀራል። ሱቁ ዝቅተኛ ህዳግ ያለውን ክፍል ይዞ፣ ወፍራሙን ለሌላ ሰጠ ማለት ነው።

#15 አዲስ መጤ

ጥሩ ትምህርት ነው፣ አመሰግናለሁ። ተግባራዊ ጥያቄ ልጠይቅ። 12 ሱቅ ያለው ቸርቻሪ ከዜሮ ቢጀምር ቅደም ተከተሉ ምን ይሁን? ደግሞ በኪሎ የሚሸጠውን ነገር ክፍያውን እንዴት ነው የሚይዙት?

#16 የጋሪ ጎማ

@አዲስ መጤ በ12ቱም አትጀምር። ሁለት ሱቅ ምረጥ፤ ሰፊ መኪና ማቆሚያ ያለው አንድ፣ ሰው የተጠጋጋበት ሰፈር ያለ አንድ። መጀመሪያ ሱቅ መጥቶ መረከብን ብቻ ክፈት፣ ማድረሱን ቆይተህ። በእነዚህ ሳምንታት የምትለካው ሽያጩን አይደለም፤ በሰዓት ስንት ዕቃ ተለቀመ፣ ስንት በመቶ ተገኘ፣ ከተተካው ስንቱ ተቀባይነት አገኘ የሚሉትን ነው። የተገኘው ከ97 በታች ከሆነ ማድረስ አትጀምር፣ ቆጠራህን አስተካክል።

ማድረስ ስትጀምር ሰፈር በሰፈር ክፈት፤ አንዱ ሳይሞላ ሁለተኛውን አትንካ። ለቃሚዎቹ ሱቁ ሳይከፈት ወይም ገና ሰው ሳይበዛ ይግቡ። ዳቦና አትክልት በዚያ ሰዓት ገና አልወጣ ይሆናል፣ እሱን ለሁለተኛ ዙር ተወው። የለቃሚ ጋሪ መተላለፊያውን ዘግቶ የእግር ገዢው መነጫነጭ ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ነው ኋላ መጋዘን ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን ለብቻ መደርደርና ስለ ማሽን ማሰብ።

#17 ቆጣሪ

የኪሎውን እኔ ልመልስ። ደንበኛው 1 ኪሎ ሥጋ ያዛል፣ የተቆረጠው 1.08 ይመጣል። ሲያዝ ከግምቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ከፍ አድርገህ ካርዱ ላይ ትይዛለህ፣ ተመዝኖ ሲያልቅ ትክክለኛውን ታስከፍላለህ፣ የተረፈው ይለቀቃል። ጣጣው ባንኩ የያዘውን ቶሎ አለመልቀቁ ነው፤ ደንበኛው ስልኩ ላይ ሁለት ቁጥር ያይና «ሁለቴ ከፈልኩ» ብሎ ይደውላል። ማዘዣው ላይ «ይሄ ጊዜያዊ መያዣ ነው፣ የመጨረሻው ሒሳብ ከተመዘነ በኋላ» የሚል አንድ መስመር ጻፍ። ጣሪያም አስቀምጥ፤ 1 ኪሎ ላዘዘ ሰው 1.4 ኪሎ ቆርጦ መላክ አይፈቀድም፣ ስጦታ ካልሆነ።

#18 ሚዛን

@ሁለተኛ ማርሽ ሒሳብህ ላይ አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ቤት ያልተገኘ ሰው። ከ17ቱ አንዱ ባይገኝ የሄደው 11 ደቂቃ ብቻ አይደለም። ዕቃው ተመልሶ ይራገፋል፣ ቀዝቃዛው ለዳግም ሽያጭ አይሆንም፣ በማግስቱ እንደገና ይለቀማል። 11 ደቂቃው በቀላሉ አንድ ሰዓት ይሆናል።

#19 ሁለተኛ ማርሽ

ልክ ነህ፣ ዘንግቼዋለሁ። ለዚህ ነው ሾፌሩ ሁለት ቤት ሲቀረው «20 ደቂቃ ውስጥ እደርሳለሁ» የሚል መልእክት በራሱ እንዲወጣ የሚደረገው። ደንበኛው የለሁም ካለ መኪናው ገና ሳይታጠፍ ቤቱን ዘሎ ያልፍና በዙሩ መጨረሻ ይሞክረዋል። እና የዙሩን የመጨረሻ 15 ደቂቃ ባዶ ተዉት፤ በ17 ቤት የሞላ መርሐ ግብር አንድ ሊፍት ሲበላሽ ከአሥረኛው ቤት ጀምሮ ሁሉም ይዘገያል። 16 ጻፉ።